የሰፈር የጋራ ጓሮ እንዴት ይሠራል? ከችግኙ በፊት ውሃውና ተረኛው

ሐምሌ ላይ ችግኝ መትከል ቀላል ነው። ሰማዩ ያጠጣል፣ መሬቱ ለስልሷል፣ ሰዉም ቅዳሜ ጠዋት አካፋውን ይዞ ይወጣል። ፎቶ ይነሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይገባል። ፈተናው የሚመጣው ጥር ላይ ነው። ዝናቡ ከቆመ ወራት አልፈዋል። የቧንቧ ውሃው በፈረቃ ነው። ሐምሌ ላይ አካፋ ከያዙት ግማሾቹ ድምፃቸው ጠፍቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ የሰፈር አትክልት የሚሞተው ያን ጊዜ ነው። የሚገድለው ደግሞ የችግኝ እጥረት አይደለም፤ ጀሪካኑን የሚያነሳ ሰው መጥፋቱ ነው።

ስለዚህ ይህ መመሪያ ጉድጓድ ከመቆፈር አይጀምርም። የተጻፈው በዋናነት ለአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ግቢና ለመንደር ባዶ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ደሴ ወይም ጎንደር ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል። አዳማና ሐዋሳ ግን ሙቀቱ ሌላ ስለሆነ የሚዘራው ነገርና ወቅቱ ይለያል።

ቦታውን በሦስት ሰዓት እዩት

የመረጣችሁትን ቦታ በአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሂዳችሁ እዩት፦ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ከሰዓት 9 ሰዓት። ቢያንስ በሁለቱ ፀሐይ ካላገኘ ለአትክልት አይሆንም፤ ጥላ ለሚወድ አበባ ተዉት።

የፎቅ ጥላ ተንኮለኛ ነው። በክረምት ወራት የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ታኅሣሥ ላይ 15 ሜትር ከፍታ ያለው ብሎክ በቀትር ወደ ሰሜን 9 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ፀሐያማ ሆኖ ያያችሁት ከብሎኩ በስተ ሰሜን ያለ መሬት፣ በበጋ ቀኑን ሙሉ ቀዝቃዛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የደቡቡ ጎን ካለ እሱን ምረጡ።

ከዚያ የሚከለከሉትን ለዩ። በሴፕቲክ ታንክና በማንሆል ላይ የሚበላ ነገር አይተከልም። መኪና የሚበዛበት አስፋልት ዳርም ቆስጣና ሰላጣ አይሆንም፤ ጭሱና አቧራው ቅጠሉ ላይ ይቀመጣል። እዚያ አበባና ቁጥቋጦ ይበቃል። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበትን ሜዳ ደግሞ አትንኩ። ይህን የምለው ለልጆቹ አዝኜ ብቻ አይደለም። ሜዳቸውን የወሰዳችሁባቸው ልጆች መደባችሁን አንድ ሳምንት አያቆዩላችሁም፤ ሜዳቸው የተከበረላቸው ልጆች ግን ያለ ደመወዝ ዘበኛ ይሆናሉ።

ፈቃድን በተመለከተ፣ ግቢው ኮንዶሚኒየም ከሆነ በጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ክፍት ቦታው የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ሀብት ነው። ስለዚህ የባለቤቶች ማኅበሩ ኮሚቴ ተሰብስቦ ይወስን፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ይፈረም። «ሰብሳቢው እሺ ብሎኛል» የሚባለው ነገር ሰብሳቢው ሲቀየር ይተናል። ከአጥር ውጭ ያለ ቦታ ከሆነ ደግሞ ወረዳው መጠየቅ አለበት። ደብዳቤ ጻፉ፣ ሥፍራውን በእጅ የተሠራ ንድፍ አያይዙ። በተለይ ዋና መንገድ ዳር ከሆነ፣ ቦታው በኮሪደር ልማት ዕቅድ ውስጥ መግባት አለመግባቱን ሳትጠይቁ አንድ ችግኝም አትትከሉ። እግረ መንገዳችሁን ወረዳው የከተማ ግብርና ባለሙያ ካለው ስሙንና ስልኩን ያዙ። ዘርና ምክር የሚያገኙት ቀድመው የጠየቁት ናቸው።

ሰው፦ እድሩን አስታውሱ

ቴሌግራም ግሩፕ ከፍታችሁ ስድሳ ሰው ስላስገባችሁ ስድሳ ሠራተኛ አላችሁ ማለት አይደለም። ስምንት የሚመጣ ሰው ይበቃል። ስምንቱን የምታገኙት ደግሞ ግሩፕ ላይ አውራ ጣት ከሚልኩት መካከል ላይሆን ይችላል። ጡረታ የወጡ አባቶች፣ ቤት የሚውሉ እናቶች፣ ፈተና የጨረሱ ተማሪዎች ጋ ሂዱ።

አደረጃጀቱን አዲስ ነገር አድርጋችሁ አትፍጠሩት። ሁሉም ሰው እድር ያውቃል። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ዕቃ ያዥ፣ የወር መዋጮ፣ ለቀረ ቅጣት። ይህንኑ ወደ ጓሮው አምጡት፣ አንድ ሰው ብቻ ጨምሩበት፦ የውሃ ኃላፊ። የዚህ ሰው ሥራ ማጠጣት አይደለም፤ ማን እንዳጠጣ ማወቅ ነው። ተረኛው ከቀረ ደውሎ ምትክ የሚያገኘው እሱ ወይም እሷ ነች። ለዚህ ቦታ አነጋገሩ ለስላሳ፣ ነገር ግን የማይረሳ ሰው ፈልጉ።

ተራ ስታወጡ ሁለት ሁለት ሰው መድቡ። አንዱ ሲታመም አንዱ አለ። በየብሎኩ ወይም በየደረጃው ብታደርጉት ደግሞ ትንሽ ፉክክርም ይፈጥራል። የግቢው ጥበቃዎች እንዲያጠጡ የምታስቡ ከሆነ በግልጽ ተነጋገሩና ክፈሏቸው። «አንተ እዚሁ ስለምትውል ነካ ነካ አድርገው» የሚለው ልመና ለሁለት ሳምንት ይሠራል፣ ከዚያ ቅሬታ ይሆናል።

የሥራ ቀን ስትመርጡ ካላንደር ተመልከቱ። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም መሬት መቆፈር የሚከብዳቸው ጎረቤቶች አሉ፤ ዓርብ እኩለ ቀን የጁምዓ ሰዓት ነው። ብዙ ሰፈር ላይ የሚያስማማው ቅዳሜ ጠዋት ከ1 እስከ 4 ሰዓት ነው። ቅዳሜ ሰንበታቸው የሆነ ጎረቤቶች ካሉ ለእነሱ የሳምንቱን ማጠጣት ስጧቸው።

ታላላቆችን ቀድማችሁ አነጋግሩ። በተለይ ቦታውን ልብስ ለማስጫ፣ በርበሬ ለማድረቂያ የሚጠቀሙትን። «እማማ፣ የሚያሰጡበትን ገመድ አንነካም። እዚች ጥግ ላይ ጤና አዳምና በሶብላ ብንተክል ምን ይመስልዎታል?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ሥራ ነው። መልሳቸው ብዙ ጊዜ «እኔ ጋ ፍሬው አለ» ይሆናል።

ውሃውን በጀሪካን አስሉ

አሁን ሒሳብ። በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። አንድ መደብ 1.2 ሜትር በ4 ሜትር ብታደርጉት 4.8 ካሬ ይሆናል። አምስት መደብ 24 ካሬ ነው። በቀን ወደ 100 ሊትር፣ ማለትም አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ይህን በየቀኑ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እርስ በርስ ተያዩ።

ሁለት ሺህ ሊትር የሚይዝ ሮቶ ብታገኙ አምስቱን መደብ ለ20 ቀን ብቻ ያጠጣል። የጣሪያ ውሃ ጥሩ ነገር ነው፦ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። 60 ካሬ የሆነ የኮሙናል ጣሪያ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብበት 600 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 500 ቢቀር እንኳ አራት እንዲህ ያለ ዝናብ ሮቶውን ይሞላዋል። ችግሩ ሮቶው የሚሞላው ውሃ በማያስፈልገን ወቅት ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ሙሉ ሮቶ ይዛችሁ በጋ ትገባላችሁ፣ ከዚያ በኋላ የካቲትና መጋቢት ላይ የበልግ ዝናብ እስኪመጣ፣ ከመጣ፣ ከሰማይ የሚጠበቅ ብዙ ነገር የለም።

መፍትሔው ጓሮውን በበጋ ማሳነስ ነው። በክረምት አምስት መደብ፣ በበጋ ሁለት። ሁለት መደብ በቀን 40 ሊትር ነው፤ ሁለት ጀሪካን ማንም ይችላል፣ ሮቶው ብቻውን 50 ቀን ይወስዳችኋል። ሦስቱን መደብ በደረቅ ሣርና በኮምፖስት ሸፍናችሁ አሳርፏቸው። ይህን ስትናገሩ የሚከፋው ሰው አይጠፋም፤ «ባዶ መሬት ምን ያደርጋል?» ይላል። የደረቀ ቆስጣ ከባዶ መሬት የባሰ እንደሚያስቀይም ንገሩት።

ሁለቱንም መደብ ቢሆን አፈሩን አልብሱት። ጭድ፣ የታጨደ ሣር፣ ደረቅ ቅጠል፣ ሦስት አራት ጣት ውፍረት፣ የግንዱን ሥር ሳይነካ። ፀሐይ አፈሩን ካላየችው ውሃው ይቆያል። ማጠጣት ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ቢሆን ይመረጣል። ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን አጠጡ። ሳምንት የምትጠፉ ከሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ክዳኑን በመርፌ ብሱና ውሃ ሞልታችሁ በአፉ ሥሩ አጠገብ ቅበሩት፤ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ካላበጃችሁለት አይንጠባጠብም።

ጎመንና ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይሆናል። የኦሞና የበረኪና ውሃ አይሆንም። የወንዝ ውሃን በተመለከተ ምንም ድርድር የለም፦ በከተማው መሐል የሚያልፉት ወንዞች የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ ተሸክመው ነው ወደ አቃቂ የሚወርዱት፤ ጥሬ የሚበላ ሰላጣ በእነሱ አታጠጡ። ሮቶው ደግሞ ክዳን ይኑረው፤ ትንኝ እንዳይፈላበት። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ወደ ሮቶ አታስገቡት፤ ይፍሰስ።

አፈሩ አፈር መሆኑን አረጋግጡ

ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ዶማ ስትጥሉ የሚሰማው ድምፅ ብዙ ጊዜ «ቋ!» የሚል ነው። ከላይ ቀጭን አፈር፣ ከሥሩ ገረጋንቲ፣ የብሎኬት ስባሪ፣ የደረቀ ሲሚንቶ። ከእሱ ጋር አትታገሉ። ከላይ ገንቡ። ዙሪያውን ብሎኬት ወይም ድንጋይ ደርድራችሁ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉና አፈር ሙሉበት። ከላይ ያልነውን መጠን ያለው አንድ መደብ ለመሙላት ወደ አንድ ተኩል ሜትር ኩብ ድብልቅ ይፈልጋል፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት።

አፈር ስታስመጡ ከየት እንደተቆፈረ ጠይቁ። ለሕንፃ መሠረት ከጥልቅ የወጣ መሬት በነፃ ይሰጣችኋል፣ ገልባጭ መኪናውም በራፋችሁ ድረስ ይመጣል፤ ነገር ግን ሕይወት የለውም። የምትፈልጉት ከላይ የተገፈፈውን ነው፣ የሣር ሥር ያለበትን።

በቦሌና በአቃቂ በኩል መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው። ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይይዛል፣ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እርጥብ እያለ አትቆፍሩት፣ አትርገጡትም። ኮምፖስት በየወቅቱ ጨምሩበት፤ መደቡን ከፍ አድርጉት፤ በመደቦቹ መሐል ውሃ የሚወጣበት ቦይ ይኑር። ወደ እንጦጦ በኩል ያለው ቀይ አፈር ውሃ አይቋጥርም፣ ቶሎ ይደርቃል። ለእሱም ያው ኮምፖስት፣ ትንሽ የማገዶ አመድም አይጎዳም።

የመደቡ ስፋት ከ1.2 ሜትር አይብለጥ። ከግራም ከቀኝም ቆሞ መሐሉን በእጅ መድረስ ያስፈልጋል፤ መደብ ላይ እግር አይወጣም። መተላለፊያው 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ ጀሪካን የያዘ ሰው እንዲያልፍ።

ኮምፖስት

ፀሐይ በማያገኘው ጥግ፣ ከመኖሪያ መስኮት ራቅ ብሎ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ቦታ ለዩ። በአሮጌ እንጨት ወይም በብሎኬት ሦስት ጎኑን ክበቡት። ታችኛው ንብርብር ቅርንጫፍና ጭራሮ ነው፣ አየር እንዲገባ። የጫት ገረባ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ሁልጊዜ በነፃ ይገኛል፣ እንጨቱ ግን ለመበስበስ ጊዜ ስለሚወስድ ከታች ይቆይ።

ከዚያ ሁለት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ እርጥብ እያደረጋችሁ ደርድሩ። ደረቅ ማለት የረገፈ ቅጠል፣ ጭድ፣ የተቀደደ ካርቶን። እርጥብ ማለት የአትክልት ልጣጭ፣ የታረመ ሣር፣ የቡና አተላ፣ የሻይ ቅጠል፣ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት። በየንብርብሩ አንድ አካፋ አፈር በትኑበት። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ጠብታ ሁለት ጠብታ ከወጣው እርጥበቱ ልክ ነው። ከፈሰሰ ካርቶን ጨምሩ፣ ከተበተነ ውሃ። በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍኑት፤ ክረምት ላይ በፕላስቲክ።

በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። የደረቀ ዘንግ መሐሉ ላይ ሰክታችሁ ስታወጡት የሚሞቅ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ጥቁር ሆኖ፣ ተፈርፍሮ፣ ሽታው ዝናብ የነካው መሬት ሲሆን ደርሷል። መጋቢት ላይ የጀመራችሁት ለሰኔ መጨረሻ ይደርስላችኋል።

እንጀራ፣ ወጥ፣ ሥጋና ዘይት አታስገቡ። አይጥ ትጠራላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ኮሚቴው ጓሮውን የሚያስታውሰው በአይጡ ብቻ ይሆናል። አንድ ልዩ ነገር አለ፦ የበዓል ፈርስ። ፋሲካና ገና ላይ ከየቤቱ የሚወጣው የበግ ፈርስ ቦይ ውስጥ ተጥሎ ሰፈሩን ሲያሸት ይሰነብታል። ፈርስ ግን ግማሽ የተፈጨ ሣር ነው። የኮምፖስቱን መሐል ከፍታችሁ፣ በቀጭኑ ጨምራችሁ፣ ከላይ በደንብ ደረቅ ቅጠልና አፈር ካለበሳችሁት አይሸትም፣ ክምሩንም ያሞቀዋል። አንጀቱንና ስቡን ለዩት። የዶሮ ኩስም ጥሩ ነው፤ ሳይበሰብስ ወደ ተክል ከገባ ግን ሥር ያቃጥላል።

ምን ይዘራ?

የሰፈር ጓሮ ንጉሥ ቆስጣ ነው። ቅዝቃዜ አይፈራም፣ ከተዘራ ሁለት ወር ሳይሞላው ይቀጠፋል፣ የውጭ ቅጠሉን እየወሰዳችሁ የመሐሉን አራት አምስት ቅጠል ከተዋችሁለት ወራት ይሰጣል። በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ትከሉት። ጎመን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል፣ ከ40 እስከ 50። ሰላጣ 25 ይበቃዋል፤ ሁሉንም በአንድ ቀን አትዝሩ፣ በየሦስት ሳምንቱ ትንሽ ትንሽ፣ አለበለዚያ አንድ ሳምንት ሰፈሩ ሰላጣ በሰላጣ ሆኖ ከዚያ ይጠፋል።

ካሮትና ቀይ ሥር ተዛውረው አይተከሉም ማለት ይቻላል፤ በተለይ ካሮት እዚያው መደቡ ላይ ይዘራል። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ደባልቁት፣ በመስመር በትኑ፣ በቀጭኑ አልብሱ። እስኪበቅል ሁለት ሳምንት ድረስ ሊወስድበት ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ላዩ አንድ ቀን እንኳ ከደረቀ ይቀራል። ሲበቅል አሳሱት፣ በመሐሉ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ይኑር። ለማሳሳት ልባቸው የማይጨክን ሰዎች ጣት የሚያክል ካሮት ይነቅላሉ።

ቲማቲም የሁሉም ሰው ጥያቄ ነው። በአዲስ አበባ ክረምት ግልጽ ሜዳ ላይ አልመክርም። ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ እርጥበቱ ቅጠሉን የሚያጠቁር በሽታ ያመጣል፣ ያው በሽታ ድንችንም ይይዛል። ለገበያ የሚመጣው ቲማቲም ከነመቂና ዝዋይ ሞቃት ሜዳ የሚመጣው በምክንያት ነው። ግድግዳ ጥግ፣ ፀሐይ የሚያርፍበት፣ ጣሪያ ክፈፍ ሥር ሁለት ሦስት እግር ሞክሩ፤ መደብ ሙሉ አትስጡት።

ነጭ ሽንኩርት ዝናቡ ሲያባራ፣ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ይተከላል። ከኅዳር እስከ ጥር ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ውርጭ ስለሚጥል ለስላሳ ነገር፣ ቦሎቄ በተለይ፣ በዚያ ወቅት አትጀምሩ።

የመደቦቹን ጠርዝ ለቅመምና ለመድኃኒት ስጡ፦ ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጠጅ ሣር፣ ኮሰረት፣ በሶብላ። ከበሶብላ በቀር ብዙዎቹ በጋውን በትንሽ ውሃ ይዘልቁታል። ደግሞም ሰው ለቡናው አንዲት ቅንጣቢ ጤና አዳም ለመቁረጥ ሲወርድ ጓሮውን ያያል፣ አረም ይነቅላል፣ ያወራል። ጎመን በነበረበት መደብ በሚቀጥለው ወቅት ጎመን አትመልሱ፤ ካሮት ወይም ባቄላ ይግባ።

ዛፍ፣ አበባና ያ የቆሻሻ ጥግ

ከ2011 ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ የዛፍ ችግኝ በየክረምቱ ማግኘት ቀሏል። ስለዚህ ፈተናው መብዛቱ ነው። አንድ አዲስ ችግኝ በበጋ በሳምንት አንድ ጀሪካን ይፈልጋል፣ ቢያንስ ለሁለት በጋ። አሥር ችግኝ አሥር ጀሪካን ነው። ከዚህ በላይ ማንሳት ካልቻላችሁ አሥራ አንደኛውን አትቀበሉ።

ከአገር በቀሉ ወይራ፣ ጽድና ዝግባ ለግቢ ይሆናሉ፤ አዝጋሚ ናቸው፣ ግን ይቆያሉ። ዓይነታቸውን ቆመው ማየት የፈለገ ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ይሂድ። ከፍራፍሬ ኮክና አፕል ደጋውን ይወዳሉ። ወርካ ግርማ ቢኖረውም ሥሩ የሕንፃ መሠረትና ቧንቧ ይፈልጋል። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ላይ የነበረችውን ከተማ ታድጓታል፤ እናንተ ግቢ ግን ከቆስጣችሁ ጋር ውሃ ይሻማል። የትኛውም ትልቅ ዛፍ ከግድግዳ አምስት ሜትር ይራቅ፤ ከላይም የመብራት ሽቦ አለመኖሩን ቀና ብላችሁ እዩ።

ጉድጓዱን 50 በ50 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ከተከላው ሁለት ሳምንት በፊት ቆፍሩት። የላዩን አፈር በአንድ በኩል፣ የሥሩን በሌላ በኩል አስቀምጡ፤ ስትመልሱ የላዩ አፈር ከኮምፖስት ጋር ከታች ይገባል። የችግኙን ፕላስቲክ ቅደዱ። የታወቀ ነገር ቢመስልም በዘመቻ ቀን ሲቻኮሉ ከነፕላስቲኩ የሚተክሉ አሉ፤ ከዓመት በኋላ ተነቅሎ ሲታይ ሥሩ እዚያው ከረጢቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል። አንገቱን ከመሬቱ ልክ አድርጉ፣ ዙሪያውን ውሃ የሚያቁር ክብ አብጁለት።

ለአበባ ገንዘብ አታውጡ። ጀራኒየም ከጎረቤት አንድ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሲሰካ ይይዛል። ጽጌረዳም በሰኔ ቁራጩ ይበቅላል። አደይ አበባን ደግሞ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሲደርቅ ፍሬውን ሰብስባችሁ በወረቀት አስቀምጡ፣ ግንቦት መጨረሻ የአጥሩ ጥግ ላይ በትኑት። ክረምቱን አረም ይመስላል። አንድ ትጉህ ሰው ሙልጭ አድርጎ እንዳያርመው ምልክት አድርጉበት፤ ለዕንቁጣጣሽ ልጆቹ ከሩቅ መሄድ አይኖርባቸውም።

በየሰፈሩ ማታ ማታ ፌስታል የሚወረወርበት አንድ ጥግ አለ። «ቆሻሻ መጣል ያስቀጣል» የሚል ጽሑፍ ይኖረዋል፣ ፌስታሉ ጽሑፉ ሥር ይከመራል። ጥጉን ጠርጋችሁ አበባ ብትተክሉ ፌስታሉ አበባው ላይ ይወድቃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ከቤት ቤት ደረቅ ቆሻሻ የሚሰበስበውን ማኅበር አግኙ። በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጡ እወቁ፣ ቀኑን በየብሎኩ መግቢያ ለጥፉ። ማታ የሚወረወረው ብዙ ጊዜ ሰብሳቢዎቹ ሲመጡ ቤት ከማይገኝ ሰው ነው፤ ለእሱ አንድ ክዳን ያለው በርሜል ግቢ ውስጥ ይቀመጥ። ቀጥሎ መብራት። የጨለመ ጥግ ለፌስታልም ለሽንትም ይጋብዛል። አበባው ሦስተኛ ነው።

የድንጋይ ጠርዞችን በኖራ መቀባት ርካሽና ጥሩ ነው፤ ክረምት ያጥበዋል፣ መስከረም ላይ ይደገማል። አሮጌ ጎማ ቀለም ቀብቶ አበባ መትከልን በተመለከተ ምርጫው የእናንተ ነው፤ እኔ ብዙም አልወደውም። ቢያንስ የሚበላ ነገር አትትከሉበት፣ ዝናብ እንዳያቁር ሥሩን ብሱት።

ተባይ፣ በአጭሩ

ጎመን ቅጠል ሥር የሚሰፍረው ክሽክሽ በሳሙና ውሃ ይለቃል፦ አንድ ሊትር ውሃ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና፣ አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሥር መርጨት፣ ጠዋት በንጹሕ ውሃ ማጠብ። ትል በእጅ ይለቀማል፤ ልጆች ይወዱታል። ቀንድ አውጣ ክረምት ላይ ማታ በስልክ መብራት ይለቀማል። የፋብሪካ መርዝ ልጆች በሚሮጡበት ግቢ ባይገባ ይሻላል። በግና ፍየል ከተባይ ሁሉ ይከፋል፤ አጥሩ ቀርከሃም ሆነ እሾህ፣ ከመጀመሪያው ዘር በፊት ይቁም።

ሲደርስ ማን ይበላል?

ይህን የመጀመሪያው ቅጠል ሳይወጣ ወስኑ። ጓሮ የሚያጣላው ሲያፈራ ነው። ለየቤቱ እኩል ማካፈል ያማረ ይመስላል፤ 100 አባወራ ባለበት ግቢ ግን ለአንዱ ሦስት ቅጠል ይደርሰዋል። እኔ የሚሻል የሚመስለኝ እንዲህ ነው፦ በሳምንቱ የሠሩና ያጠጡ አንድ አንድ እቅፍ ይውሰዱ፣ አቅም ለሌላቸው አረጋውያን የሚሰጠው ሳይጓደል ይለይ፣ የተረፈው ቅዳሜ ጠዋት እዚያው መደቡ አጠገብ ከገበያ ዋጋ ዝቅ ብሎ ይሸጥ። ገንዘቡ ለዘር፣ ለጥበቃው ክፍያ፣ ለሮቶ ይሆናል። ከሽያጩ ቀድሞ በሌሊት የሚቀጥፍ ሰው ይኖራል። የመጀመሪያውን ጊዜ አልፉት፣ ሁለተኛውን ጊዜ የውሃ ተራ ስጡት።

ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ በእጅ ተጽፎ ኮሙናሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ ገቢውም ወጪውም፣ የጠፋው መኮትኮቻ ሳይቀር። ዕቃውን ቁጠሩና ቆልፉ። አካፋና ዶማ በአንድ መጋዘን፣ ጀሪካኖቹ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ሠርግና ለቅሶ ሲመጣ ለጎረቤት ማበደር የግድ ስለሆነ የውሰት ደብተር በገመድ ታስሮ በሩ ላይ። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ ዕቃ ያዡ ጋ፣ አንዱ ጥበቃው ጋ።